የአባባ ጋርሾን በርኮታ ፍለጋ

ይህ ነገር ለወግ ይበቃል ወይ? እውነቱን ለመናገር አላወቅሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። የአንድ ሽማግሌ መንተራሻ እንጨት ጠፋ፣ ተፈለገ፣ በቃ። ዶርም አብሮኝ ለሚያድር ልጅ አንድ ቀን ላጫውተው ብጀምር፣ ገና መሃሉ ሳልደርስ «ታዲያ ሌላ ትራስ አይገዙላቸውም?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ማሰልቸት ስለማልወድ ይቅርታ ጠይቄ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን እኔን ዝም አላለኝም። የአዲስ አበባ ዝናብ የዶርሙን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር የጂንካ ጭጋግ ዓይኔ ላይ ይወርዳል፤ ከጭጋጉም ውስጥ አንዲት አጭር፣ ጥቁር፣ ባለ ሁለት እግር እንጨት እየተንሳፈፈች ትወጣለች። እንግዲህ ልሞክረው። የሰለቸው አንባቢ እንደ ጓደኛዬ ወደ ግድግዳ መዞር ይችላል፤ ቅር አይለኝም። (ትንሽ ቅር ይለኝ ይሆናል፤ ግን አልናገርም።)

የነገሩ ሥር የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ክፍል እያንጎላጀ፣ አስተማሪያችን ድንገት ጠመኔውን አስቀመጡና «እንግሊዞች የጠፋ ነገር ፈልገው ሲያገኙ፣ ከጓደኛ ጋር በጨዋታ ሲያወሩ፣ ዲግ አፕ አደረግሁት ይላሉ» አሉን። ያለበት የማይታወቀውን ነገር ከየጥጉ፣ ከየጓዳው፣ ከየሰው አፍ ፈልፍሎ ማውጣት ማለት ነው አሉ። ቀጥለውም «የጨዋታ ቋንቋ ስለሆነ ፈተና ላይ እንዳትጽፉት» ብለው አስጠነቀቁን።

እኔ ደግሞ ፈተና ላይ የሚጻፈውን ብቻ እየመረጥሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አትጻፍ የተባልኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ስለነበር ልቤ ውስጥ ገብቶ ኪስ ውስጥ እንደተደበቀ ከረሜላ ይጣፍጠኝ ጀመር። ማትሪክ ተፈትነን ክረምቱን ውጤት ስንጠብቅ ሥራ አልነበረኝም። የእናቴ መቀስ ሲጠፋ «ዲግ አፕ አደርገዋለሁ» ብዬ ተነሣሁና ራሷ እናቴ የተቀመጠችበት ቦታ አገኘሁት። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለን ዶሮም አገኘሁ፤ የእሳቸው ዶሮ አለመሆኑ የታወቀው ግን ወጥ ከሆነ በኋላ ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ዲጋፕ!» ይሉኛል ከአጥራቸው ማዶ። «ዲጋፕ ልጄ፣ ነጠላዬን አላየህም?»

በዚህ መሃል ነው አባባ ጋርሾ የመጡት።

አባባ ጋርሾ ከቀይ አፈር ወዲያ ማዶ የሚኖሩ የበና ሰው ናቸው። አባቴ ማር ነጋዴ ነው፤ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ማር ሲገዛ የመጀመሪያውን ቅል ማር የሰጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ጂንካ ሲመጡ እኛ ቤት፣ አባቴ ቀይ አፈር ሲሄድ እሳቸው ቤት ነው የሚያድሩት። የሚያወሩት በበና ቋንቋ ነው። እኔም የሱቃችን ባንኮኒ ሥር ስላደግሁ ሲያወሩ ይገባኛል፤ እኔ ስናገረው ግን ከብቶች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩኛል።

በዚያ ሰሞን ወባ ይዟቸው፣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተጋድመው፣ እየተንቀጠቀጡ ደረሱ። አባቴና እኔ ደግፈን አወረድናቸው። መኪናው ጭሱን ለቆብን ሄደ። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው መርፌ ተወጉ፣ ኪኒን ዋጡ፤ ትኩሳቱም ለቀቃቸው። ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል አልጋ ላይ ቀና ብለው ዙሪያቸውን በእጃቸው ዳበሱና መጀመሪያ ያሉት ነገር «በርኮታዬስ?» ነው።

በርኮታ ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ የበና ወንድ የትም ሲሄድ ከእጁ የማይለየው ከአንድ እንጨት የተጠረበ ትንሽ ነገር ነው። ሲቀመጥ ወንበሩ ነው። ሲተኛ ከጆሮው ሥር ይገባና ትራሱ ይሆናል። የአንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ እየዋለ እያደረ የባለቤቱን ጭንቅላት ይለምዳል። የአባባ ጋርሾ በርኮታ ጎረምሳ ሳሉ ራሳቸው የጠረቡት ነው። ልጆች የወለዱት፣ ድርቅ ያሳለፉት፣ ሚስታቸውን የቀበሩት እሱን ይዘው ነው። አሁን የለም።

እንቅልፍም አብሮ ጠፋ። እናቴ ደህናውን የስፖንጅ ትራስ አመጣችላቸው። አባባ ጋርሾ በጣታቸው ወጋ ወጋ አደረጉትና በአማርኛ፣ እንዳትቀየም በጣም ተጠንቅቀው፣ «ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሞቷል» አሏት። ጋቢ አጥፈን ሰጠናቸው፤ በማግሥቱ ጋቢውን ለብሰውት ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ገበቴ ገልብጠን ሞከርን፤ ገበቴው ከአልጋው ተንከባልሎ ግቢውን ሁሉ ቀሰቀሰ። ከአጥሩ ጥግ ጡብ አምጥቼ አጥቤ አቀረብኩ። በመጨረሻ ሌላ ነገር ሳጣ የፊዚክስ መጽሐፌን ሰጠኋቸው። ትንሽ ጋደም አሉበትና ቀና ብለው «ይሄ ያወራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔንም ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያቸው። «መድኃኒቱ የራሱን ድርሻ ሠርቷል» አለ ለአባቴ። «የቀረው እንቅልፍ ነው። ካልተኙ አቅም አያገኙም፤ ወባ ደግሞ አቅም ያጣ ሰው ቤት ተመልሶ መግባት ይወዳል።»

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «አንተ ጋርሾ፣ በሜዳ ድንጋይ ተንተርሰህ ስታድር አይቼህ የለም እንዴ? ምን ነካህ?» አላቸው።

አባባ ጋርሾ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። «ያኔ እሷ ቤት ነበረች» አሉ። «የልጆቼ እናት ከሞተች ወዲህ የምትመጣው በህልሜ ነው። በየቀኑ አይደለም፤ ስትፈልግ ነው የምትመጣው። ትቀመጣለች፣ ስለ ከብቶቹ ትጠይቀኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ ትሄዳለች። የምትመጣው በርኮታውን ተከትላ ነው፤ እሱ ካለበት እኔ እንዳለሁ ታውቃለች። አሁን በርኮታው የት እንዳለ እኔ አላውቅም። እሷ ግን ታውቅ ይሆናል። እዚያ ሄዳ ሌላ ሰው ብታገኝስ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ የነበሩት እትዬ አስካለ፣ አባቴ ቀስ ብሎ ሲተረጉምላቸው፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ታድለው» አሉ። «የኔው ሰውዬ በህልሜ የሚመጣው እራቱን ሊጠይቀኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ዲግ አፕ አደርገዋለሁ!» ያልኩት።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እናቴ «መቀስ አይደለም እኮ ልጄ» አለችኝ።

እኔ ግን ጥንቁቅ ሰው ስለሆንኩ በዕቅድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምልክቱን ጠየቅሁ። አባባ ጋርሾ አሰቡና «ጆሮዬ የበላው ቦታ አለው» አሉ። ሌላ ምልክት አልነበረውም። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል፤ በርኮታው በሰው እጅ ከሆነ ገበያ መውጣቱ አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ማልጄ ወጣሁ።

ገበያው ዳር ዛፍ ሥር ወንዶቹ በየበርኮታቸው ተቀምጠው ያወራሉ። አንድን ሰው በርኮታውን አሳየኝ ማለት ከመቀመጫህ ተነሣልኝ ማለት መሆኑን ያሰብኩት ከጠየቅሁ በኋላ ነው። «ይቅርታ አባባ፣ ትንሽ ብድግ ይበሉልኝ» እላለሁ። ሰውየው ግራ ገብቶት ይነሣል። እኔ በርኮታውን አገላብጣለሁ። ጆሮ የበላው ቦታ ሁሉም ላይ አለ! ስለዚህ ልኩን ለማወቅ ተንበርክኬ የራሴን ጆሮ እያስጠጋሁ መለካት ጀመርኩ። የአባባ ጋርሾ ጆሮ ከኔ እንደሚተልቅ አውቅ ነበር።

አንድ ጠይም ጎልማሳ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ምን ይልሃል?» አለኝ።

«ምንም አላለኝም» አልኩ በትሕትና።

«የኔ ዝምተኛ ነው» አለ። «የወንድሜን ጠይቀው፤ እሱ ይለፈልፋል።»

ሳቁ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ እስከ ጨው ተራ ተሰማ። ሳቁ ግን ወሬም ይዞ ሄደ። ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ዘመቻ መጥተው መሬት ሲለኩ፣ ሰው ሲቆጥሩ፣ ፊደል ሲያስቆጥሩ ሰዉ አይቷል። አሁን ደግሞ በርኮታ ሊቆጥሩ ነው ተባለ። ሊቆጥሩ ነው የተባለው ጨው ተራ ሲደርስ ሊወርሱ ነው ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቀና ብዬ ባይ፣ በጂንካ ገበያ አንድም የተቀመጠ ወንድ የለም። በርኮታዎቹ በማሽላ ጆንያ፣ በሴቶች ቅል ሥር፣ በነጠላ ውስጥ ገብተዋል። ያ ሁሉ ወንድ በፀጥታ ቆሞ ወደ ማዶ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ያያል። ሣሩ ላይ ላሞች ይግጣሉ፤ አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን አልነበረም። እስካሁን ሳስበው በውኔ ያየሁት አይመስለኝም፤ አንድ ከተማ በሙሉ በእኔ ምክንያት መቀመጥ አቅቶት።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ አባቴ ዘንድ ደርሶ ነበር። «ጨርሶ መቀመጫ አሳጣሃቸው?» አለኝ።

«እያጣራሁ ነው አባዬ።»

ወሬ ደግሞ እንደሄደ አይመለስም፤ ተለውጦ ነው የሚመለስ። በሚቀጥሉት ቀናት «የማር ነጋዴው ልጅ በርኮታ በጨው ይለውጣል» ተብሎ ተመለሰ። ከአሪ መንደር አንድ ጠራቢ ገና ቅርፊቱ ያልደረቀ በርኮታ በትከሻው ደርድሮ መጣ። አንዲት እናት ባለ ሦስት እግር ዱካ አመጡ። አንዱ በርኮታ የለኝም ብሎ የወፍጮ ቤት መቀመጫ ይዞ መጣ፤ ወፍጮ ቤቱ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከጸሎት ቤቱ ሁለት ወንድሞች አንድ ረጅም አግዳሚ በሁለት ጫፍ ተሸክመው ደጃችን ላይ አሳረፉና «መቀመጫ ለቸገረው ሰው ትፈልጋለህ ሲባል ሰምተን ነው፤ ለእሑድ ብቻ መልስልን» አሉኝ። እኔ ሰው ማሳዘን አይሆንልኝም። ለሁሉም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያልኩ ተቀበልኩ። ግቢያችን የጎደለው ሰው ብቻ ሆነ።

የመጣውን ሁሉ ለአባባ ጋርሾ አቀርባለሁ። እሳቸውም እኔን ላለማስከፋት በየተራ ይንተራሱታል። ግን በሰው በርኮታ ላይ ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር አንድ ችግር መጣ። ደንግጠው ይነቃሉ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«የሰው ህልም ነው» አሉኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፊታቸውን እያበሱ። «የማላውቃት ሴት መጣች። ረጅም ናት። ቆማ አየችኝና ‹አንተ ማነህ? እዚህ ምን ትሠራለህ?› አለችኝ። አፍሬ ነቃሁ።»

በሌላው ላይ ሲተኙ የማያውቋቸው ፍየሎች እየተከተሉ ሲጮሁባቸው ዋሉ። የአሪው ጠራቢ አዲሱ በርኮታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አገኙት። «ቤት ነው፤ ግን ማንም አልገባበትም» አሉ። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ጠጋ ብለው «የረጅሟ ሴት ባል ማነው? በርኮታውን ያመጣው ያ ቀዩ ሰውዬ ከሆነ እኮ አላገባሁም ብሎኛል!» አሉ። አባባ ጋርሾ ግን አልሳቁም። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ያለ ደጋፊ ከአልጋው መነሣት አቅቷቸዋል። ድሬሰሩ ዳግመኛ መጥቶ የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና ቦርሳውን ቀስ ብሎ ዘጋ። ያ አዘጋጉ ነው ያስፈራኝ።

በማግሥቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሳቸው መጡ። ግቢው በር ላይ ቆመው አግዳሚውን፣ ዱካውን፣ የበርኮታውን ሰልፍ በዓይናቸው ቃኙ።

«ጓድ» አሉት አባቴን፣ «ምን ዓይነት ስብሰባ ነው የምትጠራው?»

«ስብሰባ የለም ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይህን ሁሉ መቀመጫ የሰበሰበ ሰው፣ ሰው ሊሰበስብ ነው። ሰው ሊሰበስብ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድህ የታለ?»

«እንግዳዬ እንቅልፍ አጥቶ ነው።»

«እንቅልፍ ለማጣት ፈቃድ አያስፈልግም» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለመቀመጫው ግን ያስፈልጋል። ልጁን ጥራው።»

ቀረብኩ። ሊቀመንበሩ በወጉ ሊጠይቁኝ ፈልገው በአቅራቢያቸው ያለው በርኮታ ላይ ተቀመጡ። በርኮታ ዝቅተኛ ነው። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ገጠመ፤ ኮፍያቸው ወደ ዓይናቸው ወረደ፤ ደረት ኪሳቸው ያለው እስክሪብቶ አንገታቸውን ወጋቸው። እንደዚያ ተቆልምመው ሥልጣን ማሳየት ከባድ ነው። ድምፃቸው ራሱ ቀጠነ።

«የጠፋው የት ነው?» አሉኝ።

«መኪና ላይ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ መኪናውን ፈለግኸው?»

ገበያውን ፈልጌያለሁ። ከአሪ መንደር፣ ከጸሎት ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ የመጣውን ሁሉ አገላብጫለሁ። መኪናውን አልፈለግሁም። አባቴ አየኝ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ «ውይ ዲጋፕ!» አሉ።

«እንግዳህን ያመጣችው የሾፌሩ የታደሰ መኪና ነች» አሉ ሊቀመንበሩ ለመነሣት እጃቸውን ወደ አባቴ እየዘረጉ። «ከማጎ ማዶ ላለችው ለሃና ከተማ መሥሪያ ቤቶች እህል ጭና ወጥታ ተበላሽታ ቀርታለች፤ እህሉ አልደረሰንም ብለው አመልክተዋል። አንሣኝ እንጂ፣ ምን ቆመህ ታያለህ!»

ወደ ሃና የሚወጣ መኪና እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። ዕድሌ ሆኖ የወባ መርጫ ሠራተኞች በማግሥቱ ሊሄዱ ነበርና ከመርጫ ዕቃቸው መሃል አስቀመጡኝ። ከጂንካ ስንወጣ ጭጋግ ነበር። ኮረብታዎቹ አንዱ ከሌላው ላይ ተጋድመው ተኝተዋል፤ እኔም ከእነሱ ጋር እያንጎላጀሁ ወደ ማጎ ቆላ ወረድኩ። ሙቀቱ መጣ። ዛፎቹ ዝቅ አሉ። ሣሩ ውስጥ ድኩላ ቆሞ አየን፤ እሱም አየን፤ ማናችንም አልቸኮልንም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የገበያው ወንዶች ቆመው ይታዩኛል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ነው፤ እኔም በእነሱ አቅጣጫ ልዞር ስል የቆላ ዝንብ በሸሚዜ ላይ ይነክሰኝና ህልሙ ይቋረጣል። የሚያዩትን ሳላይ ማጎ ወንዝን ተሻገርን።

ከወንዙ ወዲያ፣ ወደ ሃና የሚወስደው ዳገት ላይ፣ መኪናዋን አገኘናት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታ ቆማለች። ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ጥላዋ ሥር ተጋድመው ራዲዮ ያዳምጣሉ፤ ረዳታቸው ድስት ጥደዋል። ረዳት ይባላሉ እንጂ ዕድሜያቸው ከሾፌሩ ይበልጣል። ከወባው መኪና ወርጄ ሰላምታዬን በሥርዓት አቀረብኩና የመጣሁበትን ተናገርኩ።

ረዳቱ ድስቱን እያማሰሉ «እንጨት ነው ያልከው? ባለ ሁለት እግር?» አሉኝ። ማማሰያውን ወደ ኋላ ጎማ ጠቆሙ።

የአባባ ጋርሾ በርኮታ ጎማ ሥር ነበር። ያ ሁሉ ጭነት እሱ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ታኮ አደረጋችሁት?» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ።

«ፍሬኗ አይዝም፤ ድንጋይ ስናደርግላት ፈነጠረችው» አሉ ጋሽ ታደሰ ሳይነሡ። «ከዚያ ጆንያ መሃል ይህን አገኘን። ልክክ አለ። የቀድሞው ሾፌር በልክ ያሠራው መስሎን እኮ መረቅነው! ወንድሜን አላምነውም፤ እሱን ግን አምኜ ሥሩ እተኛለሁ።»

«ባለቤቱ ያለ እሱ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።»

«እኔስ ሳልተኛ ስንት ዓመት ነዳሁ? በል አንሣው፤ ከዚያ እኔም፣ አንተም፣ የመንግሥት እህልም፣ ወደ ማጎ አብረን እንውረድ።»

ስለ ድሬሰሩ ነገርኳቸው፤ አልተነሡም። በመጨረሻ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እያፈርኩ፣ ስለ ሚስትየዋ ነገርኳቸው። በርኮታውን ተከትላ እንደምትመጣ፤ አሁን የት እንደምትሄድ አባባ ጋርሾን እንደሚያስጨንቃቸው።

ጋሽ ታደሰ ራዲዮውን ዘጉ። «እዚህ መጥታ እንደሆነ» አሉ ረዳታቸውን እያዩ፣ «ያገኘችው ይህን ሰውዬ ነው።»

«ምነው እኔ ምን አለኝ?» አሉ ረዳቱ።

«ታኮራፋለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔዋ በሕይወት አለች፤ አርባ ምንጭ ነው ያለችው። በህልሜ እንኳ መጥታ አታውቅም።» ተነሡና ሱሪያቸውን አራገፉ። «በሉ ድንጋይ ሰብስቡ።»

የወባዎቹም ሰዎች ወረዱ። እኔ እየመረጥኩ የማመጣውን ድንጋይ ጋሽ ታደሰ «ይሄ ክብ ነው፣ ይሄ ቀልድ ነው» እያሉ ይመልሱታል። በመጨረሻ ጎማዎቹን ሁሉ በድንጋይ አጠርናቸውና ረዳቱ በርኮታውን በመዶሻ መትተው አስለቀቁት። መኪናዋ ቃተተች። ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሁላችንም ጮህን፤ ድስቱ ተገለበጠ፤ መኪናዋ ድንጋዮቹ ላይ ገጨችና ቆመች። አቧራው ሲወርድ በርኮታውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቁጭ ብዬ ነበር።

አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል። የጎማው ጥርስ በመሃሉ ታትሟል። ግራሶና ናፍጣ ጠጥቷል። የወባዎቹ ሰዎች ሃና ደርሰው በማግሥቱ ይዘውኝ ሲመለሱ ማጎ ወንዝ ላይ በአሸዋና በቅጠል አሸሁት፤ ጥቁረቱ ለቀቀ፣ ሽታው አልለቀቀም። በመንገድ እንቅልፍ ሲጥለኝ ልንተራሳቸው የምችላቸው የመርጫ ጣሳዎችና በርኮታው ብቻ ነበሩ። ጣሳውን መረጥኩ። ድንገት እሷ ብትመጣ ምን እላታለሁ?

ቤት የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። አባባ ጋርሾ ትራሶቹን ሁሉ ገፍተው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በር በሩን እያዩ ነበር። በርኮታውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። አገላበጡት፤ የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ተከትለው ዳበሱት።

«ይህን ማን ጠረበበት?» አሉ አባቴን።

«መኪና።»

«እጁ ደህና ነው» አሉና በጎናቸው ጋደም ብለው በርኮታውን ጆሯቸው ሥር አስገቡት። አንድ ጊዜ ተነፈሱ። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አባቴ እጄን ያዘኝና በእግር ጣታችን እየረገጥን ወጣን። እትዬ አስካለ አውራ ዶሯቸውን በቅርጫት ከደኑት። እናቴ ወፍጮ ቤት የሚሄደውን ሁሉ በሌላ መንገድ ላከችው። ሊቀመንበሩ የመቀመጫዎቹን ነገር ሊያጣሩ መጥተው ነበር፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ፤ እኛ ስንንሾካሾክ አይተው እሳቸውም ተንሾካሾኩ፤ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ ረስተው ሄዱ። ጭጋግ ወረደ፣ ተነሣ። ከሱቁ ጀርባ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሰው እርምጃ።

በማግሥቱ ፀሐይ ከፍ ስትል አባባ ጋርሾ ነቁ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ በር ላይ ቆምኩ።

«መጣች?» አላቸው አባቴ።

«መጣች።» ተነሥተው ተቀመጡ። «አልተቀመጠችም። በር ላይ ቆማ አሸተተችኝ። ‹ይህን ያህል ቀን የት ስትዞር ነው ናፍጣ ናፍጣ የምትሸተው?› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ሳልመልስላት ጥላኝ ሄደች። ተቆጥታለች።» ይህን ሲሉ ከመጡ ጀምሮ አይተንባቸው የማናውቀው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ወጣ። «በጣም ተቆጥታለች» አሉ ደግመው፣ የሚወዱትን ምግብ ስም እንደሚጠራ ሰው። ወደ እናቴም ዞሩና በአማርኛ «እርቦኛል» አሏት። ከበሉ በኋላ ነገ ቀይ አፈር ገበያ ስለሆነ መኪና እንደማይጠፋ ለአባቴ ነገሩት። እሷ ስትቆጣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል አሉ።

እኔ አግዳሚውን ለጸሎት ቤቱ፣ ዱካውን ለእናትየዋ፣ በርኮታዎቹን ለየባለቤቶቻቸው ስመልስ ዋልኩ። በማግሥቱ ማለዳ አባባ ጋርሾ መኪናው ጆንያ ላይ ወጡ። እናቴ በርኮታውን በገመድ ከእጃቸው ጋር አሰረችላቸው። መኪናው ሲነሣ እጃቸውን ሲያውለበልቡ በርኮታውም አብሮ ሲውለበለብ አየሁ፤ ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። ያ ቀን ሐሙስ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።